ከዘጠነኛው እርከን የመጡ አጫጭር ጥያቄዎች

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እማማ ማንጠግቦሽን «እንዴት አወቁት?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም። «ማንበብ ሳይችሉ እንዴት ተቀጠሩ?» ያለው ግን በሽ ነው። የሚያነቡትስ ምን ፈየዱ? ከእሳቸው በፊት ሰባት ባለዲግሪዎች ጥያቄ በሚጣራበት በዚያ ወንበር ተፈራርቀውበት፣ ሰባቱም ራሳቸውን ይዘው ወጥተዋል። አንደኛውማ እስከ ዛሬ የጥያቄ ምልክት ሲያይ ያልበዋል ይባላል። እሳቸው ግን ይኸው አሉ።

ያም ሆኖ ዛሬ በስድስት ሰዓት ሦስት የኮሚቴ ሰዎች መጥተው ስለ ወንበሩ ይወስናሉ፤ ወይ ለእሳቸው፣ ወይ ለወንፊት። ወንፊት ሰው አይደለም። ጥያቄ የሚያበጥር ፕሮግራም ነው። አንድ ወር ሙሉ ከጎናቸው አስቀምጠውት ሲያወዳድሯቸው ቆይተዋል። ሰውን ከወንፊት ጋር ማወዳደር ምን ማለት እንደሆነ የገባው ይንገራቸው።

ጥላ ከተማ የተሠራችው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ነው። የላዩ ምድር በቀትር ድንጋዩ ሳይቀር እጅ ስለሚልጥ፣ ሕዝቡ አለት ፈልፍሎ ዘጠኝ እርከን ወረደ። አንደኛ ለፀሐይ የቀረበው ነው፤ ዘጠነኛ ታች፣ የመጨረሻው፣ ከተቆፈረ ገና ሦስት ዓመቱ። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሳንባ አለ፤ አየር ስቦ የሚያጣራና የሚያቀዘቅዝ፣ የበርሜል ክዳን የሚያህል ማሽን ነው። ሳንባ ቀን ከሌት «እምምም» ይላል። ጥላ ውስጥ የኖረ ሰው ያንን ድምፅ ልብ አይለውም፤ የገዛ ልቡን ምት ልብ እንደማይለው።

ሳንባም ይሁን ቧንቧ ወይም በር የሚታዘዘው በኮድ ነው፤ ኮድ ለማሽን የሚጻፍ ትእዛዝ ማለት ነው። የጥላ ሰው የቤቱን ኮድ ራሱ ይጽፋል። ያልቻለ ከጎረቤት ይገለብጣል። ጎረቤቱም ካልቻለ ለግድግዳው ይናገራል፤ ጥያቄው ኮድ አደባባይ ላይ ይለጠፍና ከዘጠኙም እርከን የሚያውቅ ሰው ይመልሳል። የተወደደ መልስ አረንጓዴ ማኅተም ይመታበታል። ከዚያ ወዲያ ሰው ማኅተሙን አይቶ ይገለብጣል እንጂ ውስጡን የሚያይ ጥቂት ነው።

እማማ ማንጠግቦሽ የዚያ አደባባይ በረኛ ናቸው። በቅጥር ደብዳቤው ላይ «አወያይ» ተብለዋል፤ በረኛ ያላቸው ሕዝቡ ነው። ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ይሰኩና ጥያቄው እየተነበበላቸው ወይ ያሳልፋሉ ወይ ይመልሳሉ።

ዛሬም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ተቀምጠዋል።

«የበሩ ኮድ እምቢ አለኝ። ቶሎ በሉ» አለ አንዱ ከሦስተኛ እርከን።

«ማንን ነው ቶሎ በሉ የምትለው? አሽከሮችህ ነን?» አሉ። «ምን አደረግህ? ምን ይሆናል ብለህ ጠበቅህ? ምን ሆነ? ሦስቱን ይዘህ ና።»

«የቧንቧ መቆጣጠሪያ ኮድ ጻፉልኝ፤ ነገ ለመምህሩ የማስረክበው ነው» አለ ሌላው።

«ማርኩን ለእኔ ነው የሚሰጡኝ?»

«ኧረ አይደለም፣ እማማ…»

«እንግዲያው ራስህ ጻፍና፣ ሲያቅትህ ና። ያቃተህን ቦታ የሚያሳዩህ ሞልተዋል።»

ሦስቱን ጥያቄዎች ያመጧቸው ከቦኖ ነው። ጥላ ስትቆፈር፣ ቧንቧ በየቤቱ ሳይገባ፣ ለሦስት ሺህ ሰው አንድ ቦኖ ብቻ ነበረች፤ ወረፋ አስከባሪዋ ማንጠግቦሽ። «ውሃ የለም!» እያለ የሚጮኸውን ምን አደረግህ ሲሉት ግማሹ ቧንቧውን ወደ ተቃራኒው ሲጠመዝዝ እንደቆየ ይታወቃል። ጀሪካን ሲሞላም ሆነ ሲጎድል፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ በድምፁ ብቻ ይለዩ ነበር። ያንን ጆሮ የትኛው ትምህርት ቤት ሰጣቸው?

በመስታወቱ ማዶ ያለው ቢሮ የኢንጂነር ሶፎንያስ ነው፤ የአደባባዩ ኃላፊ። ክፉ ሰው አይደለም። «እማማ፣ አሁንስ ይረፉ» ይላል፤ መጥፎው ነገር ከልቡ መሆኑ ነው። ሦስት መቶ አረንጓዴ ማኅተም አለው። በልጅነቱ የጻፋቸው መልሶች ዛሬም በየቤቱ ይሠራሉ።

ወደ አራት ሰዓት ገደማ ወንፊት ዝርዝሩን ማንበብ ጀመረ። በስብሰባ ላይ እንደሚያነብ ጸሐፊ ነው ድምፁ።

«ከዘጠነኛ እርከን። ጥያቄ፦ አይሠራም። ጥረት የጎደለው። ተዘግቷል። ከዘጠነኛ እርከን። ጥያቄ፦ እርዱኝ። ጥረት የጎደለው። ተዘግቷል። ከዘጠነኛ እርከን። ጥያቄ፦ ምንድን ነው። ጥረት የጎደለው። ተዘግቷል።»

እማማ ማንጠግቦሽ አላስቆሙትም። በዚህ በኩል ከወንፊት ጋር ተስማምተዋል። የዘጠነኛ ሰዎች ሁለት ሳምንት አለፋቸው እንዲህ ከሆኑ። ጥያቄያቸው አጠረ፣ አጠረ፣ አሁን አንድ ቃል ቀረው። ባለፈው ሰኞ እሳቸው ራሳቸው «እናንተ ሰነፎች፣ እጅ አላችሁ፣ አፍ አላችሁ፣ ምን ጎደላችሁ?» ብለው ለእርከኑ በሙሉ ለጥፈውላቸዋል። የመለሰ የለም። ይኼም አናዷቸው ነበር።

«ከዘጠነኛ እርከን» አለ ወንፊት ቀጥሎ። «ጠያቂ፦ ድንበሩ አሰጋ። ጥያቄ፦ አይሠራም። ጥረት የጎደለው። ተዘ…»

«ቁም!»

ወንፊት ቆመ።

«ማን አልክ?»

«ድንበሩ አሰጋ።»

«ድንበሩ አንድ ቃል ተናገረ?»

«አዎ። አይሠራም።»

እማማ ማንጠግቦሽ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። ድንበሩ አሰጋ በጡረታ ያለ አለት ቆፋሪ ነው። ዘጠነኛን ከቆፈሩት አንዱ ነው፤ እሱ እንደሚለው ግን ብቻውን ነው የቆፈረው። አንድ አምፖል ለማብራት ሲጠይቅ እንኳ ከአለቱ ቀለም ይጀምራል፤ መሰርሰሪያው የተሰበረበትን ቀን ያወሳል፤ የሟች ሚስቱን ሙያ ያነሳል፤ ከዚያ ነው ወደ አምፖሉ የሚመጣው። እማማ ማንጠግቦሽ በአሥራ አራት ዓመት የእሱን ያህል ወሬ የቆረጡበት ሰው የለም። ባለፈው ሳምንት እንኳ ስለ በሩ ደወል ሊጠይቅ መጥቶ ስለ ጎረቤቶቹ አንድ እድሜ ሲያወራ፣ «ድንበሩ፣ የሰፈር ወሬ እዚህ አይወራም» ብለው ከደወሉ በቀር ሌላውን ሁሉ ቆርጠው ጥለውታል።

ያ ሰው ነው አሁን «አይሠራም» ብሎ ዝም ያለው።

«አንተ፣ አንተ የምታነበውን አልፈልግም» አሉ። «ሰውዬው በገዛ አፉ የተናገረውን አሰማኝ።»

«ንግግር ወደ ጽሑፍ ከተቀየረ በኋላ ትርፉ ይጣላል።»

«የት ነው የሚጣለው?»

«አሥር ቀን ማኅደር ውስጥ ይቆያል።»

«እንግዲያው አልተጣለም። አምጣው።»

ድምፁ መጣ። «አይ…» አለ ድንበሩ። ረጅም ጊዜ አለፈ። «…ሠራም።»

ሌላ ምንም የለም። እማማ ማንጠግቦሽ ማዳመጫውን በመዳፋቸው ወደ ጆሯቸው ተጫኑት። እንደገና አስደገሙት። ድካም አለበት፤ እሱ ግልጽ ነው። ሌላ የጎደለ ነገር ደግሞ አለ። ሦስተኛ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ያኔ ጀሪካኑ ባዶ መሆኑን ለዩ።

ከድንበሩ ድምፅ ጀርባ «እምምም» የለም።

«ከዘጠነኛ የዘጋሃቸው ስንት ናቸው?»

«በሦስት ቀን አርባ ሦስት።»

«ሁሉንም አሰማኝ። ወሬ ሳትጨምር።»

አርባ ሦስቱን ሰሙ። ከሁለቱ ጀርባ ሳንባ ያንጎራጉራል። አርባ አንዱ ጸጥ ያሉ ናቸው። ሰዎቹ ከአንድ ቃል ወደ ሌላው ቃል ለመሻገር ትንፋሻቸውን ይፈልጋሉ። «እርዱኝ» የምትለዋን ሴት እማማ ማንጠግቦሽ ሰኞ ዕለት አሹፈውባት ነበር፤ አሁን ግን ድምፅዋን ሁለቴ አስደገሙ። ጽሑፉ ውስጥ ስንፍና የነበረው፣ ድምፁ ውስጥ ሌላ ነገር ነው።

ተነሥተው የመስታወቱን በር ሳያንኳኩ ከፈቱ።

«ሶፎንያስ፣ የዘጠነኛ ሳንባዎች ቆመዋል።»

ሶፎንያስ ሰሌዳውን አየ። ዘጠነኛ እርከን አራት መቶ ቤት፣ አራት መቶ አረንጓዴ መብራት። «ሁሉም ጤነኛ ነው፣ እማማ።»

«ማን አለ?»

«ሳንባዎቹ ራሳቸው ናቸው ሪፖርት የሚያደርጉት። የታዘዙትን እየሠሩ ነው።»

«ማን፣ ምን ብሎ አዘዛቸው?»

ሶፎንያስ ሰዓቱን አየ። «እማማ፣ ኮሚቴው አንድ ሰዓት ተኩል ነው የቀረው። አሁን የተዘጋ ጥያቄ ከከፈቱ ውጤትዎ ይወርዳል።»

«ይውረድ። መቼ ከፍ ብሎ ያውቃል?»

«ለእርስዎ አስቤ እኮ ነው። የዘጠነኛ ሰው ሰነፈ፤ ወንፊት በግራፍ አሳይቶኛል። ሁለት ሳምንት ሆናቸው።»

«አራት መቶ ቤት ባንድ ላይ ሰነፈ?» አሉ እማማ ማንጠግቦሽ። «ስንፍና እንደ ጉንፋን ይተላለፋል እንዴ?»

ሶፎንያስ ወደ ሰሌዳው ተመለሰ። «ቴክኒሻን እልካለሁ» አለ። «ከሰዓት በኋላ።»

«ከሰዓት በኋላ ለቀብር ነው የሚደርሰው» አሉና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

በረኛ አንድ መብት አለው። የሚያወጣው ጥያቄ በሁሉም ቤት ግድግዳ ላይ፣ በገዛ ድምፁ፣ ጮክ ብሎ ይሰማል። መብቱ ውሃ ሲቋረጥ ለማሳወቅ የተሰጠ ነው። እማማ ማንጠግቦሽ ጥያቄ ሲዘጉ እንጂ ሲጠይቁ ኖረው አያውቁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እናንተ የዘጠነኛ ሰዎች፣ ምን ሆናችኋል?»

«ጥረት የጎደለው» አለ ወንፊት። «ኮድን አይመለከትም። ተዘግቷል።»

«ምን አልክ?»

«በሙከራው ወር የበረኛ ጥያቄም ይበጠራል። ምን እንዳደረጉ፣ ምን እንደጠበቁ፣ ምን እንደሆነ አልገለጹም።»

የገዛ ዱላቸው ነው የመታቸው። እማማ ማንጠግቦሽ እዚህ ሊጻፍ የማይገባ ነገር ተናገሩ። ወንፊት እሱንም ዘጋው። ከዚያ ግን ቆም አሉ። ምን እንደሆነስ እሳቸው በእርግጥ ያውቃሉ? ድንበሩ ባለፈው ሳምንት ስለ ጎረቤቶቹ ሲያወራ ነበር። ምን ነበር ያለው?

«የድንበሩን የደወል ጥያቄ አምጣልኝ። የቆረጥኩትን።»

መጣ። ያኔ ከጀርባው «እምምም» ነበረው፤ ድንበሩም ሙሉ ሰው ነበር።

«…ደወሉስ ሁለቴ መጮሁ ባልከፋ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ግን ለማን ይጮሃል? የሚመጣ የለም። ሰላም ስላቸው አይመልሱልኝም። እድሩ ተሰብስቦ የሳንባ ድምፅ እንቅልፍ ነሳን ብሎ አንድ ኮድ ገልብጦ ለየቤቱ ካደለ ወዲህ ሰፈሩ ዝም ብሏል። እኔ እምቢ ብያለሁ፤ ቤቴ ውስጥ የሚያዋራኝ እሱ ብቻ ነው፣ ሳንባው። አሁን ግን ካልጫንክ ከእድር እናስወጣሃለን አሉኝ። ማን ይቀብረኛል? እጭነዋለሁ እንግዲህ…»

 ያን ሁሉ ነግሯቸው ነበር። በሚገባ፣ ቁጭ ብሎ፣ በዝርዝር ነግሯቸው ነበር። የሰፈር ወሬ ነው ብለው የጣሉት እሳቸው ናቸው።

«ስማ፣ ወንፊት» አሉ። «ምን አደረግሁ፦ የአርባ ሦስት ሰው ድምፅ ሰማሁ። ምን ጠበቅሁ፦ ከእያንዳንዱ ጀርባ ሳንባ ሲያንጎራጉር። ምን ሆነ፦ አርባ አንዱ ጸጥ አሉ። የዘጠነኛ እድር ሳንባ ጸጥ የሚያሰኝ ኮድ ለየቤቱ አድሏል። ያ ኮድ የትኛው ነው? ማን ጻፈው? ውስጡስ ምን ይላል?»

«ሙሉ ጥያቄ ነው» አለ ወንፊት። «ተለጥፏል።»

የእማማ ማንጠግቦሽ ድምፅ በዘጠኙም እርከን ግድግዳዎች ላይ ጮኸ።

መጀመሪያ የመለሰችው ወይዘሮ ስንዱ የምትባል የአራተኛ እርከን እናት ናት። «አውቀዋለሁ፣ እማማ። ‹ጸጥተኛው ሳንባ› የሚባለው ነው፤ አረንጓዴ ማኅተም አለው። ልጄ እንድትተኛልኝ ብዬ እኔም ገልብጬዋለሁ። እኛ ጋ ምንም አልሆነም።»

«አንብብልኝ» አሉ ወንፊትን። «በሰው ቋንቋ።»

«የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የተጻፈ። ጸሐፊ፦ ሶፎንያስ። ሰው ሲናገር ከሰማህ ፍጠን። ሰው ዝም ካለ ቀስ በል። ዝምታው ከቀጠለ ይበልጥ ቀስ በል።»

ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም። የሚያወራ አየር ያገኛል፤ ዝም ያለ ያጣል። አየር ያጣ ሰው ደግሞ ዝም ይላል። ላይኞቹ እርከኖች በትልቁ የነፋስ ጉድጓድ በኩል የሚገባላቸው አየር አለ፤ ሳንባቸው ቢያንቀላፋም አይሞቱም። ዘጠነኛ ከሳንባው በቀር ሌላ የለውም። ኮዱ ሲጻፍ ዘጠነኛ ገና አለት ነበር። አየር ያጠራቸው ሰዎች ደግሞ በቀረቻቸው ትንፋሽ ሳንባውን የማታነቃ አንዲት ደካማ ቃል ለግድግዳው ሲናገሩ፣ ግድግዳው ጥረት የጎደለው ብሎ መለሰላቸው። እነሱም ይበልጥ ዝም አሉ።

የመስታወቱ በር በኃይል ተከፈተ። ሶፎንያስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እማማ! አሁን ምን አሉ?»

«የሰማኸውን ነዋ።»

«ሳንባዎቹ ፈጠኑ! ቅድም ጥያቄውን ሲያሰሙ ሁሉም ባንድ ጊዜ ፈጠኑ፣ ሲያበቁ ወረዱ። ሰው የተናገረ መስሏቸው ነው! ኮዱን ከዚህ ሆኜ መሰረዝ አልችልም፣ የየቤቱ ባለቤት በገዛ አፉ ሰርዝ ማለት አለበት። እነሱ ደግሞ…» ትንፋሽ አጠረው። «አይቁሙ፣ እማማ። ይናገሩ!»

«ምን ልናገር?»

«ምንም ይሁን! ዝም አይበሉ እንጂ!»

«ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው» አሉ እማማ ማንጠግቦሽ፣ «ሰው ተናገሪ ሲለኝ ይኼ የመጀመሪያው ነው» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ከዚያማ ተናገሩ። የዘጠነኛን እድር ዳኛ በስሙ ጠርተው፣ ቀባሪ ሆኖ ሳለ ሥራ ለማብዛት ነወይ አሉት። በቦኖ ጊዜ ጀሪካኗን ከወረፋው ፊት ያሾለከችውን ሴት አነሡ፤ እስከ ዛሬ እንዳልረሱባት ነገሯት። ሰኞ ዕለት ሰነፎች ብለው እንደተሳደቡ አስታወሱና ስድቡን አነሡላቸው፤ በምትኩ ደደቦች አሏቸው፣ ያላዩትን ኮድ ስለጫኑ። «የነቃ ሁሉ ‹ጸጥተኛውን ሰርዝ› በል! አንድ ጊዜ በልና ከዚያ ጎረቤትህን አንኳኳ! በሩን ካልከፈተ ስደበው!»

ሶፎንያስ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ይቆጥራል። «አርባ ቤት ሰርዟል… ዘጠና… እማማ፣ ይቀጥሉ…»

ግድግዳው መመለስ ጀመረ። መጀመሪያ ሳል ነው። ከዚያ የሕፃን ልቅሶ፤ እማማ ማንጠግቦሽ ልቅሶ ሰምተው እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም። ከዚያ አንዲት ሴት፣ እርዱኝ ያለችው ራሷ ናት፣ «ኧረ ይበቃዎታል፣ እማማ፣ ነቅተናል» አለች። ከወዲያ አንድ ወንድ «ተያቸው፣ ይሳደቡ፣ ደስ ይላል» አላት። ሰው ሳቀ። ከእያንዳንዱ ድምፅ ጀርባ «እምምም» አለ።

«ያልጫኑትን ጨምሮ ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ» አለ ሶፎንያስ። ቀና ብሎ አያቸው። «አንድ ቤት ቀርቷል።»

የማን እንደሆነ መንገር አላስፈለገውም።

«ድንበሩ» አሉ እማማ ማንጠግቦሽ። መልስ የለም። «ድንበሩ አሰጋ! እትዬ ማንጠግቦሽ ነኝ። የበርህን ደወል ንገረኝ።» ጸጥ። ድምፃቸው ደርቋል፤ ውሃ ተጎነጩ። ሳንባው እሳቸው ሲናገሩ ይፈጥናል፣ አየሩ እየገባለት ነው፤ ሰውዬው ግን መንቃት አለበት። ሰውን ከሞት ደጅ የሚመልሰው ልመና አይደለም። ይኼን ከቦኖ ያውቃሉ፤ ፀሐይ ያዞረውን ሰው የሚያስነሣው ወረፋህ አለፈ ማለት ነበር።

«መልካም፣ ተኛ» አሉ ረጋ ብለው። «ዛሬ ኮሚቴ እየመጣ ነው፣ ዘጠነኛን ማን ቆፈረው ብለው ስም ሊጽፉ። የሥራ ባልደረባህ ዳኜ ነው የቆፈረው እላቸዋለሁ።»

ጸጥ።

«ዳኜ ብቻውን። ድንበሩ አካፋ ያቀብለው ነበር እላቸዋለሁ።»

ግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ።

«ው…ሸት» አለ ድምፅ።

«ምን?»

«ውሸት ነው» አለ ድንበሩ። ትንፋሹን ሳበ። «ዳኜ… ዳኜማ መሰርሰሪያ የሚይዝበትን ወገን አያውቅም።»

ሶፎንያስ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ሰርዝ በል መጀመሪያ» አሉ እማማ ማንጠግቦሽ።

«ጸጥተኛውን ሰርዝ። ብያለሁ። አሁን ይስሙኝ፣ እትዬ፤ አለቱ ቀይ ነበር፣ ሥጋ የመሰለ ቀይ፣ ዳኜ ያን ቀን ጭራሽ አልመጣም፣ ጥርሱን ታሞ ነበር፣ ሟች ባለቤቴ ትመሰክር ነበር፣ ቁርስ ይዛልኝ ስትመጣ…»

እማማ ማንጠግቦሽ አላቋረጡትም። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። የተጠረገው መነጽሩ ብቻ አልነበረም።

በስድስት ሰዓት ሦስቱ የኮሚቴ ሰዎች ሲገቡ ድንበሩ ገና ወደ ሁለተኛው መሰርሰሪያ አልደረሰም። ቴክኒሻኖችና ሐኪሞች ወርደው ሃያ ስድስት ሰው ወደ አምስተኛ እርከን አውጥተዋል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ እንጂ ሌላ የባሰ አልደረሰባቸውም። አንደኛው የኮሚቴ ሰው ወረቀቱን ዘርግቶ «ውጤቱን…» ሲል፣ እማማ ማንጠግቦሽ ጣታቸውን ወደ ግድግዳው አሳዩት። «ሰው እያወራ ነው። ወረፋ ያዙ።»

ያዙ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰዎቹ ወንበሩ የእሳቸው ሆኖ እንዲቀጥል፣ ወንፊትም ከመዝጋቱ በፊት ድምፁን ለእሳቸው እንዲያሰማ ወስነው ከሄዱ በኋላ፣ እማማ ማንጠግቦሽ የድንበሩን ባለ አንድ ቃል ጥያቄ አስከፈቱ። ከሥሩ እንዲህ ብለው አስጻፉ፦ «ምን አደረግሁ፦ ወሬህን ቆረጥኩ። ምን ጠበቅሁ፦ ጥያቄው ጥርት ይላል ብዬ። ምን ሆነ፦ ልትሞትብኝ ነበር። ማንጠግቦሽ።» ወንፊት ሳያንገራግር ለጠፈው።

ሰው ማሽን ሠርቶ እንዲናገር አስተማረው፣ እንዲሰማ አስተማረው፣ እንዲፈርድም አስተማረው። ማስተማር የረሳው አንድ ነገር ነው፤ ዝም ያለውን ሰው ምን ሆንክ ማለትን። ደግሞ እንዴት ያስተምረዋል? እሱ ራሱም ረስቶታል።

ሶፎንያስ የመስታወቱን በር አንኳኩቶ ገባ። ሲያንኳኳ ይኼ የመጀመሪያው ነው።

«እማማ» አለ። «ይቅርታ።»

ማዳመጫቸውን አወለቁ። «ምን?»

«ይቅርታ።»

«አየር አጥሮሃል?»

«አላጠረኝም።»

«እንግዲያው ጥረት የጎደለው ነው። ተዘግቷል።» ወንበር ጎተቱለት። «ቁጭ በል። ምን አደረግህ፣ ምን ይሆናል ብለህ ጠበቅህ፣ ምን ሆነ። ሦስቱንም ጻፍ። ለእኔ አይደለም፤ ከአርባ ሦስቱም ጥያቄ ሥር፣ ለእያንዳንዱ በስሙ። አንዱን ጽፈህ አርባ ሁለቱን እንዳትገለብጥ፣ አውቅብሃለሁ። በድንበሩ ጀምር። ሲመልስልህ ደግሞ፣ ከአለቱ ቀለም ጀምሮ እስኪጨርስ ድረስ፣ እዚሁ ተቀምጠህ ትሰማዋለህ።»